የጎደለው መስመር

የታካሚ ቤተሰቦች ለሚከታተሉት የሆስፒታል ድረ ገጽ የአራት ቋንቋ ፋይሎችን አንድ ወጣት በየአቃፊያቸው ሲያደራጅ፣ ከሀዲይኛው አንድ መስመር ጎደለው፤ «ታካሚዎ አርፈዋል» የሚለው። ያልተተረጎመ ነገር ገጹ ላይ በአማርኛ ስለሚወጣ፣ ሆሳዕና ላሉት ተርጓሚ ደወለ።

«ጋሽ ኤርጃቦ፣ ትናንት ነገ፣ ዛሬም ነገ! ለሁለት ቃል ሽማግሌ ልላክብዎት?»

ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተርጉሜዋለሁ፣ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ በባለቤቴ ስልክ ላይ የልጃችን ገጽ ያንኑ መስመር ነው የሚያሳየው። አማርኛ ማንበብ አትችልም፣ የምታነበው ሀዲይኛ ብቻ ነው፤ ‹ልጆቹ ገና አላስተካከሉትም› እላታለሁ። ዘመድ ተሰብስቦ መርዶው የሚነገራት ነገ ማለዳ ነው።»

ወዲያው ስልኩን ባለቤታቸው ተቀበሉ። «አንተ ልጅ» አሉት በተሰባበረ አማርኛ፣ «መቼ ነው የምታስተካክለው?»

ወጣቱ ፋይሉን ባዶ መስመሩን እንደያዘ ወደ አቃፊው መለሰው።

«ነገ፣ እማማ» አላቸው። «ነገ ማለዳ።»