ስምንት ተኩል

«ርካሽ ነገር ይዋሻል» ይላል ሃርላን፣ ክርኑን የመስታወት መደርደሪያው ላይ አስደግፎ። «ስነግርህ ሰምተህ አታውቅም።»

ዊልመር ፈገግ ይላል። አርባ ዓመት አብረው ተኩሰዋል፤ የጓደኛውን ምላስ ለምዶታል። ከፊቱ ሦስት ማይክሮሜትሮች ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። የሦስቱም አንደኛው ጫፍ እንደ ማሽላ ፍሬ ክብ ነው፤ ቀለህ አንገት ውስጥ ገብቶ የናሱን ውፍረት እንዲለካ። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

«እኔ ጡረተኛ ነኝ» ይላታል ባለሱቋን ኦፓልን። «ርካሹ እውነቱን የሚናገር ከሆነ ርካሹን ስጪኝ።»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ልኩን የምታውቀውን ነገር ለካበትና እየው።»

ሃርላን ከደረት ኪሱ ባዶ ቀለህ አውጥቶ ጨርቁ ላይ ያቆማል። «ይኸውልህ። አንገቱን ፍቄ ያሳሳሁት ትናንት ነው። ስምንት ተኩል የኢንች ሺህኛ። ሌላ ቁጥር ከነገረህ ውሸታሙ እሱ ነው።»

በዚህ የሚከራከረው የለም። በዚህ የፔንሲልቬኒያ ሸለቆ ለውድድር የሚተኩስ ሁሉ ቀለሁን የሚያስፍቀውም ጥይቱን የሚያስሞላውም ሃርላን ዘንድ ነው። ጠመንጃቸውንም ያበጀላቸው እሱ ነው፤ ጥይቱ የሚገባበትን ክፍተት እጅግ ጠባብ አድርጎ። ባሩዱ ሲነድ የቀለሁ አንገት ለጠጥ ብሎ አረሩን መልቀቅ አለበት። የሚለጠጥበት ቦታ ካጣ ግን አረሩ ይያዛል፣ እሳቱም ወደ ተኳሹ ፊት ይዞራል። ይህን ለማበላሸት የአንድ ፀጉር ሲሶ ይበቃል።

ዊልመር ርካሹን አንስቶ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። «ዘጠኝ ተኩል።»

ሃርላን በሳቅ ይፈርሳል። «ምን አልኩህ! ሰማንያ ዶላርህን ለአሻንጉሊት!»

ዊልመርም እየሳቀ መካከለኛውን ያነሳል። ያነብባል፤ እንደገና ያነብባል። «ይሄም ዘጠኝ ተኩል ነው።»

«ኦፓል፣ ከአንድ ጆንያ ነው እንዴ የዘገንሻቸው?»

ኦፓል ሦስተኛውን፣ ውዱን የጃፓን ሥራ፣ ራሷ ታነሳለች። ምንም ሳታስገባበት ትዘጋዋለች፤ ዜሮ ላይ ይቆማል። ልኩ የተጻፈበትን የብረት መፈተሻ ትለካበታለች፤ ልክ ነው። ከዚያ ቀለሁን ታስገባለች። ቁጥሩን ጮክ ብላ አታነብም። መሣሪያውን ለዊልመር ብቻ ታሳየዋለች።

«ወዲህ አምጪው» ይላል ሃርላን። ከእጇ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ዞሮ ወደ ብርሃኑ ከፍ ያደርገዋል። «ይኸው ስምንት ተኩል! ምነው፣ ሁለታችሁም ማንበብ ረሳችሁ?»

ዊልመር በሃርላን ትከሻ ላይ አሻግሮ ያያል። ዘጠኝ ተኩል።

«ሃርላን፣ እስቲ የቁጥሩን ጭረት በጣትህ አሳየኝ።»

የሃርላን ጣት ይነሳል፣ ትንሽ ይንከራተታል፣ ጭረት በሌለበት ልሙጥ ብረት ላይ ያርፋል።

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይቀጠቅጣል።

«መቼ ጀመረህ?» ይላል ዊልመር።

ሃርላን መሣሪያውን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ያስቀምጣል። «ከገና ወዲህ ነው። ዳር ዳሩ ደህና ይታየኛል። አተኩሬ የማየው ነገር ላይ ግን ጭጋግ ይቀመጥበታል። እጄ ያውቀዋል ብዬ ነው፣ ዊልመር። እጄ መቼ ስቶ ያውቃል?»

«ከገና ወዲህ ለማን ለማን ሠራህ?»

«ለላቨርን። ለሬበር ወንድማማቾች…» በጣቱ እየቆጠረ ወደ ዊልመር ይዞራል። «ለጃኒስ። ያንተዋ ጃኒስ ትናንት ሃምሳ ጥይት ወስዳለች።»

የዊልመር ልጅ ጃኒስ ዛሬ ኦሃዮ ውድድር ላይ ናት። ዊልመር ስልኩን አውጥቶ ይደውልላታል። ይጠራል። ይጠራል።

«አባዬ፣ ወደ መስመሩ እየጠሩን ነው፣ በኋላ ል—»

«እንዳትተኩሺ! ከሃርላን የወሰድሽውን አንዱንም እንዳትተኩሺ!»

ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«አሁን አንዱን ሞክሬው የጠመንጃዬ መቀርቀሪያ አልዘጋ ብሎኝ ነበር» ትላለች በቀስታ። «በመዳፌ ልገፋው እያሰብኩ ነበር። ማን ነገረህ?»

«ርካሹ መለኪያ» ይላታል ዊልመር። ኦፓል የሱቁን ስልክ አንስታ ላቨርንን አግኝታዋለች፤ ቀጥላ የሬበሮቹን እናት። ሁሉም ቤታቸው ናቸው። ሁሉም የጥይት ሣጥኑን ሊመልሱ ነው።

«በቃ፣ አለቀ» ይላል ዊልመር፣ እጁን የጓደኛው ጀርባ ላይ አድርጎ። «አለቀ፣ ወንድሜ። ደረስንበት።»

ሃርላን ግን ራሱን ይነቀንቃል።

«አንድ ሰው ይቀራል። ሐሙስ ዕለት በረንዳዬ ድረስ መጥቶ አንድ ሣጥን ወሰደ። ‹ሃርላን፣ እንዴት ነህ› ብሎ አቀፈኝ። ስለ ሚስቴ መቃብር ጠየቀኝ። በደንብ የሚያውቀኝ ሰው ነው።»

«ማነው?»

«ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። ፊቱ የነበረበት ቦታ ላይ ጭጋግ ነው ያየሁት።» ሃርላን አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። «ማነህ ብዬ ልጠይቀው አፈርኩ።»

ኦፓል ስልኩን እንደያዘች ናት። ጣቷ ከቁጥሮቹ በላይ፣ አየር ላይ ቆሟል።