ማኅተም ያለው ድህነት

ለድሆች በነጻ ጥብቅና በሚቆመው ድርጅት ውስጥ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ወይዘሮ ስንዱ ማኅተም ካላዩ የገዛ እናታቸውንም አያምኑም ይባላል። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ላላመጣ ባለጉዳይ የፍርድ ቤት መሄጃ አምስት ሳንቲም አያወጡም።

አንድ ቀን ጠዋት ነጠላቸው የነተበ አሮጊት፣ "ልጄ፣ ቀበሌ ሦስት ቀን አመላለሱኝ። ድህነቴ ፊቴ ላይ አይታይሽም ወይ?" አሏቸው።

"ለእኔማ ይታየኛል እማማ፤ ፋይል ግን ዓይን የለውም።"

አሮጊቷ ተክዘው በሩ ሥር ቁጭ አሉ። ቀጥሎ አሮጌ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ገባ። ገና አፉን ሳይከፍት፣ ወይዘሮ ስንዱ "ማስረጃ!" ብለው አባረሩት። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወጣና ከምሳ በፊት የድህነት ማስረጃውን ይዞ ከተፍ አለ።

ወይዘሮ ስንዱ ማኅተሙን ለአሮጊቷ ከፍ አድርገው አሳዩ። "አዩ እማማ? እውነተኛ ድሃ እንዲህ ነው!"

ሰውየው የተቆጠረለትን ብር ጠረጴዛው ላይ ተወና አሮጊቷን ደግፎ አስነሳቸው።

"እማማ፣ መኪናዬ በር ላይ ናት፤ ፍርድ ቤት አደርስዎታለሁ።"

ከዚያ ወደ ወይዘሮ ስንዱ ዞረ።

"የድህነት ማስረጃዬን ደህና አድርገው ያስቀምጡልኝ። ከለጋሾቹ የተላክሁ ኦዲተር ነኝ፤ ነገ ሥራ የምጀምረው ከእሷ ነው።"