ከኋለኛው ክፍል የሚሰማው ኳኳታ

ወደቡ ላይ ታስራ ሙዚየም የሆነችው አሮጌ ሰርጓጅ መርከብ መናፍስት ሰፍረውባታል ተባለና ጎብኚው ሸሸ። ድሮ ውኃ ገብቶ መርከበኞች ካለቁበት ከኋለኛው ክፍል የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ጉዳዩን የሚያጣራ ባለሙያ ሲፈለግ፣ ብረት በመበየድ ያረጀችው ምንትዋብ ራሷ ጠይቃ መጣች።

አስጎብኚው ስንሻው ከበሩ አላልፍም ብሎ ቀረ። እሷ ጎንበስ ብላ ገባችና ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። ኳ፣ ኳ አለ። ሊያስፈራት ሲገባ ፊቷ ፈካ። በመፍቻዋ መልሳ አንኳኳችና ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

ኳ፣ ኳ።

"እትዬ ምንትዋብ፣ ይውጡ! እየመለሰልዎት ነው እኮ!" አለ ስንሻው ከውጭ።

"ዝም በል፣ ልስማበት!"

ደጋግማ አንኳኳች። በመጨረሻ የእጅ ባትሪዋን ወደ ጣሪያው ስታበራ ነገሩ ተገለጠላት። ማዕበሉ መርከቧን በወዘወዛት ቁጥር አንድ የላላ ቧንቧ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። እሷ ባታንኳኳም ይጋጫል። ፈዝዛ ስታየው ቆየች። ከዚያ ብሎኑን በመፍቻዋ አጠበቀችው። ክፍሉ ጭጭ አለ።

ስንሻው እፎይ ብሎ ገባ። "ተመስገን! ሟቾቹ በሰላም ዐርፈዋል ማለት ነዋ!"

"አይደለም" አለች መፍቻዋን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች። "እዚህም የሉም ማለት ነው።"

"ያውቋቸው ነበር እንዴ?"

"አንዱን እኔ ነኝ የወለድኩት።"