የሐሙሱ ሣጥን

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ይኼን ነገር ጮክ ብዬ አላወራውም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በቤቱ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ሚስቱ «እንዳሉ» ብላ ትነሣለች፣ «እንዳሉ» ብላ ትተኛለች። ወረቀት ሲመጣ እንኳ የሚፈርምላት እሱ ነው። በልጅነቷ ያገባኋት ናት፣ ምን ታውቃለች ይል ነበር።

አንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ትምህርት ቤት የገባው ፊደሉን ጨርሶ፣ መጻፉንም ችሎ ነው። አባትየው በእኔ ወጥቶ ነው እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ። አንዲት ነገር ብቻ አልታረም አለች፤ «ለ»ን ሲጽፍ ግራ እግሯን ያሳጥራታል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አነከሰች ሲሉኝ ግን ይገባኛል፣ ጉልበቴ አስተምሮኛል።

ልጁ ጎረመሰ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «አባዬ፣ እኔ ግን የሚመስለኝ...» ብሎ ጀመረ። አባት ማንኪያውን አስቀመጠ።

«በዚህ ቤት ሁለት አፍ የለም።»

ልጁ ተነሥቶ ወጣ። የተሳፈረበት አውቶብስ ተገለበጠ። በዚያው ቀረ።

ከሐዘኑ በኋላ መምህሩ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሐሙስ ክርክር አቋቋመ። ማንም የመሰለውን ይናገር፤ የፈራ ስሙን ሳይጽፍ አዳራሹ በር ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ ይክተት። መምህሩ ያነባል፣ የተጠየቀው ሰው ይመልሳል። ትናንት በሐሳብ ተጣልተው በድንጋይ ሲፈላለጉ የነበሩ ልጆች «አልስማማም» ተባብለው አብረው ሻይ ይጠጡ ጀመር። ሚስቱም ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ዕቃውን አዳራሹ ወንበር ላይ አስቀምጣለት ትሄዳለች፤ ክርክር ከያዘ ረሃቡን ይረሳልና።

አንድ ሐሙስ ሣጥኑን ከፍቶ አንድ ወረቀት አነበበ።

«ሁሉም ይናገር ለሚሉት ሰው፦ በገበታቸው ላይ ማን ተናግሮ ያውቃል?»

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ለ»ዎቹ በሙሉ ያነክሳሉ።

ዘበኛውን ጠየቀው። ዘበኛው ከጠዋት ጀምሮ ከበሩ አልተነሣሁም፣ ሰው የሚባል አልገባም ብሎ ማለ። በሳምንቱ ሌላ ወረቀት መጣ። «ያ ቃል ሳያልቅ ቀረ። ምን ነበር ተብሎ ተጠይቆ ያውቃል?»

መምህሩ ከሳ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ «ልጄ፣ አንተ ነህ?» ሲል ዘበኛው ሰምቶት ፀጉሩ ቆመ። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት፤ ሙት እየጻፈልኝ ነው፣ ክርክሩን እዘጋዋለሁ አላት። ያን ቀን «እንዳሉ» አላለችም። ሳህኑን አንሥታ ወጣች።

ተማሪዎቹ ለመኑት። ይኼ አዳራሽ ከተዘጋ የምንመለሰው ወደ ድንጋዩ ነው አሉት። እምቢ አለ። የመጨረሻ ነው ባለው ሐሙስ ሣጥኑን ሲከፍት ወረቀቱ አለ።

«ሣጥን መዝጋት ቀላል ነው። መልሱስ?»

ጮክ ብሎ አነበበው። ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«አልጠየቅሁትም» አለ። «ልጄን ምን ልትል ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አዳራሹ አይዘጋም።»

ቤቱ ገባና ወረቀቱን ገበታው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

«ዛሬ መለስኩለት» አላት ሚስቱን። «ግን ምን ሊል እንደነበር ከመቃብር ማን ይነግረኛል?»

ሚስቱ እጇን አደራርቃ ብዕሩን ከደረት ኪሱ መዘዘች፤ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ጻፈች፦ «ዝም በል፣ ልንገርህ።» ሁለቱም «ል»ዎች ያነክሳሉ።