ጢማሟ ባልቴት

ጠዋት የዓሣ እርባታው ባለሙያ ጋዋኗን ቆልፋ ሳትጨርስ ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ሰውየው ሲሮጥ ታይቶ አይታወቅም፤ ቦርጩ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ነበሩ።

«ባልቴቷ የለችም!» አለ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ባልቴቷ ሰው አይደለችም። የዓሣ እርባታው ትልቋ አምባዛ ናት። ክንድ የምታህል፣ ወፍራም፣ ጢማም ዓሣ። በኩሬዎቹ ውስጥ የሚርመሰመሰው አምባዛ ሁሉ ወይ ልጇ ነው ወይ የልጅ ልጇ። ከባለሙያዋ እጅ ካልሆነ አትበላም፤ ሌላ ሰው ምግብ ሲወረውርላት ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ዘንድሮ ግን እንቁላል መስጠት አቆመች፤ ሥራ አስኪያጁም ትናንት «የጡረታዋ ነገር ይታሰብ» አለ። የእርባታው ባለቤት ዛሬ ለምሳ ስለሚመጡ ጡረታዋ መጥበሻ ላይ እንዲሆን ወሰነ። ባለሙያዋም «እሺ ጌታዬ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር።

«እንዲህ ያለ ዓሣ በልተው አያውቁም ብያቸዋለሁ! አሁን ምን ላቅርብላቸው? ጣቴን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ተያይዘው ባልቴቷ ለብቻዋ ወደምትኖርበት ገንዳ ሄዱ። አየር መንፊያው ያጉረመርማል፤ ውሃው ጥርት ብሏል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ገንዳው ላይ የተዘረጋው መረብ በአንድ በኩል ገለጥ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ምናልባት ተደብቃ እንደሆነ ብሎ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አማሰለ።

«ዘበኛው ነው» አለ እጁን እያራገፈ። «ሰሞኑን ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

«እዚህ ግቢ ዓሣ ዓሣ የማይሸት ማን አለ?»

«እሱ ግን የተጠበሰ ነው የሚሸተው!»

ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌው ዘበኛ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነስተው የጥበቃ ክፍሉ በር ላይ ተለጠፉ። እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተዋል።

«በሩን ክፈት!»

«ቁልፉ ጠፍቶብኛል።»

ቁልፉ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ቁልፉ ላይ ሲተክል ዘበኛው ወደ ባለሙያዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ እንኳ ንገሪው እንጂ! እኔ ሌባ ነኝ? ትናንት ወደ ቤትሽ ስትሄጂ የሚጠገኑ መረቦችሽን በጆንያ ተሸክሜ መኪናሽ ላይ የጫንኩልሽ እኔ አይደለሁም? ይኸው ወገቤ እስካሁን አልተቃናም!»

ባለሙያዋ መሬት መሬት አየች። «እውነት ነው፤ ውለታ አለብኝ» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ ይክፈቱለት» አለቻቸው።

ተከፈተ። ውስጥ አንዲት ትንሽ ምድጃ፣ ሬዲዮና አንድ ካርቶን አለ። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ድመት ግልገሎቿን አጥብታ ተንጋላለች። ዙሪያዋን የተጠበሰ የዓሣ ጭንቅላትና ቅርፊት ተበታትኗል። «ድመት ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ በሩ ላይ የለጠፈው ደግሞ ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው።

«ለድመት!» ድምፁ ሰለለ። «የባለቤቱን ምሳ ጠብሰህ ለድመት!»

ዘበኛው ካርቶኑን ከልለው ቆሙ። «ጌታዬ፣ ጥሬ ሆዷን እያመማት...»

«በቃ! ዛሬውኑ ዕቃህን...»

«ይቆዩ እስቲ» አለች ባለሙያዋ። ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ አንድ ቅርፊት አነሳችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «አምባዛ ቅርፊት የላትም። ይሄ የቆሮሶ ነው፤ የዚያ በሌላው ኩሬ የምናረባው ቅርፊታም ዓሣ። ጠዋት ጠዋት ሞተው የምንጥላቸውን ነው የሚያበሏት።»

ሥራ አስኪያጁ ቅርፊቱን አየ፤ ድመቷን አየ። ድመቷ አዛጋች።

«ታዲያ ማን ወሰዳት?»

ባለሙያዋ ከበሩ ወጣ አለችና ቀና ብላ ወደ ጣሪያው ተመለከተች። ሥራ አስኪያጁም ዓይኗን ተከትሎ ቀና አለ። ጣሪያው ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ ቆሟል።

«አንተ መላጣ!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ጫማውን አውልቆ ወረወረ። ወፉ ንቅንቅ አላለም። ጫማው ጣሪያው ላይ ቀረ።

«እንዴ፣ ያቺን የምታህል ዓሣ እንዴት አድርጎ...» ብለው ዘበኛው ሊጀምሩ ሲሉ ባለሙያዋ እግራቸውን ረገጠቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ በአንድ እግሩ እያነከሰ መሰላል ፍለጋ ሲሄድ ዘበኛው ጠጋ አሏት። «ልጄ፣ ድመቶቼን ስላዳንሽልኝ ውለታሽን አልረሳም። ግን እውነቴን ነው፣ እኔ አልወሰድኳትም።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች።

ለምሳ ትልልቅ ቆሮሶዎች ተጠብሰው ቀረቡ። ሥራ አስኪያጁም ዓይኑን ሳያሽ «ይቺ ናት እንግዲህ ባልቴቷ» አለ። ኑሯቸውን ከተማ ያደረጉት ባለቤት ዓሣን የሚያውቁት ሳህን ላይ ብቻ ነው። ጣታቸውን እየላሱ ጨረሱና፣ «ዕድሜዋን አትመስልም! ሥጋዋ ገና የልጅ ነው» አሉ።

«የባለሙያችን እንክብካቤ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ላቡን እየጠረገ።

ባለቤቱ ሲሄዱ ሥራ አስኪያጁ ባለሙያዋን ወደ ጥግ ሳባት። «ስሚ፤ በልተዋታል፤ አለቀ። ከእንግዲህ ብትገኝ እንኳ እንዳትገኝ። ገባሽ?»

«በደንብ ገብቶኛል ጌታዬ።»

ማምሻውን ቤቷ ስትደርስ ባሏ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ «እኔስ ገላዬን የት ልታጠብ? ባልቴትሽ እንደሆነች ገንዳውን አለቅም ብላለች» አላት።