ጨው የበዛበት ሽሮ

ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ በእብድ ጉዳይ ይከራከራል። አንዱ "አእምሮውን የሳተ ሰው እንዴት ይጠየቃል?" ሲል፣ ሌላው "የሞተውስ ሰው?" ይላል። አስካለ ቀጭ አድርጋ ዘጋችው።

"እናንተ ቤት አልገባ፣ ምን አለባችሁ!"

ሕጉ እንደሆነ ወጥቷል። ያበደ አይታሰርም፤ የዳነ ዕለት ግን ላደረገው ሁሉ ይጠየቃል። ልጇ መክብብ አእምሮው ሲታወክ የሰው ቤት አቃጥሎ ነፍስ አጥፍቷል። ፍርድ ቤቱም ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ጆሮ የሚሉትን ዕቃ ሰቅሎባታል። ልጁ የጤነኛ ወሬ ካወራ ዕቃው ላይ ያለው ቀይ መብራት አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ እንደሆነ ካደረ ሊወስዱት ይመጣሉ።

መክብብ ምሳ በቀረበ ቁጥር "አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነሽ?" ይላታል። እሷም መብራቱን አየት አድርጋ "ጎረቤት ነኝ" ትለዋለች። እንዲህ ሲሉ ዓመታት አለፉ።

ዛሬ ሽሮውን ጎረሰና ፊቱን አጨማደደ።

"እማዬ፣ ጨው በዛብሽ እኮ።"

አስካለ ቀና ብላ አየችው። እማዬ አላት! እልል ልትል አፏን ስትከፍት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ በራ። እልልታዋን ውጣ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በዓይኗ ወደ መብራቱ ጠቆመችው።

መክብብ መብራቱን አየ፣ እናቱን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነሽ?" አላት።

"ጎረቤት ነኝ።"

መብራቱ ተመልሶ ቀላ።

በማግስቱ አስካለ ሆን ብላ ሽሮው ላይ ጨው አበዛች። መክብብ ጎረሰ፤ ግድግዳውን አየት አድርጎ ዝም ብሎ ዋጠ።