የጀማሪው ጥያቄ

ይርጋ ቃታና ምላጭ የማይለይ ሰው አይወድም። በፈረንጆቹ 2013 «የመሣሪያ ወዳጆች» በሚባለው የአማርኛ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የእሱን ያህል የሚፈራ ሰው አልነበረም። አንዱ የአያቱን ምንሽር ፎቶ ለጥፎ «ውጅግራ ነው» ካለ፣ ይርጋ ከሥር ገብቶ አፈር ድሜ ያስግጠዋል። ስንቱ ጎበዝ ነኝ ባይ በእሱ እጅ ተዋርዶ ከመድረኩ ጠፍቷል። እሱ ግን ስድብ አይለውም። ማረም ነው የሚለው።

ይህን ሁሉ የሚያርመው ጀርመን አገር፣ ዞሰንሃይም የሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። በሥራ ቀን ኦስትሃፈን በሚባለው ወደብ መጋዘን ውስጥ የፈረቃ አለቃ ነው፤ ቅዳሜ ተኩስ ክለብ፣ እሑድ ጸሎት ቤት ይሄዳል። ሁለት ጠመንጃና አንድ ሽጉጥ አለው። ሦስቱም በፈቃድ የተያዙ ናቸው፤ መኝታ ቤት፣ ቫፈንሽራንክ በሚሉት የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋሉ።

ሚስቱ አዳነች አረጋውያን ተንከባካቢ ናት። ሰሞኑን ከደረጃ ወድቃ የእጇ አንጓ በጄሶ ታስሯል፤ ሐኪሙ ክራንክሽራይቡንግ የሚሉትን የሦስት ሳምንት የሕመም ፈቃድ ጽፎላት ቤት ትውላለች። በአንድ እጅ የሚሠራ ወጥ ጨው ይበዛበታል፤ ይርጋ ይህንንም ያርማል።

በመስከረም መጀመሪያ «ጀማሪ» የሚል ስም የያዘ ሰው መድረኩ ላይ ብቅ አለ።

«ጥይቱ የሚወጣው ቃታው ሲሳብ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ይርጋ እጁን አሻሸ። «አንተ ሰውዬ፣ ቃታ የሚሳበው ለማጉረስ ነው። የሚተኮሰው በምላጭ ነው። ይህን የማታውቅ ከሆነ ጠመንጃ አጠገብ እንዳትደርስ፤ ጓዳ ግባና ሽንኩርት ክተፍ።» አርባ ሰው ሳቀ።

«እሺ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» አለ ጀማሪው።

ይህ ለይርጋ ተመቸው። ሌላው ሲታረም ይሳደባል፤ ይኼ እሺ ይላል። እየዘለፈም ቢሆን ያስተምረው ጀመር። ደንቆሮ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ትክክለኛውን አንድ ሳያስቀር ይዘረዝርለታል። «ወንድ ልጅ መሣሪያ ይፈራል እንዴ?» ብሎ ሲያፌዝበት፣ «በጣም እፈራለሁ» ብሎ መለሰ። ሰዉ እንደገና ሳቀ።

በሁለተኛው ሳምንት ጀማሪው ስለ ብረት ሳጥን ጠየቀ። የሳጥኑን ዓይነትም ጻፈ፤ ልክ ይርጋ ቤት ያለው ዓይነት ነበር።

«ጥሩ ሳጥን ነው» ብሎ መለሰለት ይርጋ። «ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ግን ጅል ነው። እኔ የክረምት ጫማዬ ውስጥ ነው የምከተው። ሌባ መቼም ጫማ አያሸትም።»

ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ገብቶ መድረኩን ሲከፍት አዲስ ጥያቄ ጠበቀው።

«ሰው ተኝቶ ሳለ ከአጠገቡ ቢተኮስ፣ ታች ፎቅ ያለው ጎረቤት ይሰማል?»

ማንም አልሳቀም። ይርጋ ክው አለ። ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ መልሶ አነበበ። ለካ ይኼ ሰው ነፍስ ማጥፋት ሲማር ነው የከረመው። ያስተማረው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። 

እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው የአገሩን ሰው አንድ ብቻ ያውቃል፤ ገመቹን። ጸደይ ላይ ክለብ ያስገባውም፣ ሳጥኑን ያስመረጠውም ይርጋ ነው። ገመቹና ሚስቱ መሠረት ደግሞ አንድ ቤት እያደሩ ከበጋ ጀምሮ እንደማይነጋገሩ ጸሎት ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

«ገመቹ መሠረትን ሊገድላት ነው» አለ ካፖርቱን እያነሳ።

አዳነች ሶፋው ላይ ሆና ከስልኳ ቀና አለች። «ምን አድርጋው?»

«ሴት ምን አታደርግም! ቢሆንም ነፍስ ናት።»

አዳነች ወደ ስልኳ ተመለሰች።

መሠረት ኦይሮፓፊርቴል በሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ይርጋ በሠራተኞች በር በኩል አስጠራትና የሚያውቀውን ሁሉ ሳይተነፍስ ነገራት። ደንግጣ አዳመጠችው፤ ሲጨርስ ግን ሳቋ አመለጣት።

«ገመቹ? በአማርኛ? ጋሽ ይርጋ ደግሞ! ገመቹ እኮ በቁቤ ነው የተማረው፤ የአማርኛ ፊደል አያነብም። መዝሙሩን እንኳ በላቲን እየጻፍኩለት ነው የሚዘምረው። ኩርፊያችን ሌላ ነው፣ በእናቱ ምክንያት ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የአዳነች እጅስ ተሻላት?»

«ደህና ናት» አለና ወጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ነገሩን አወጣ አወረደ። ፖሊስ ጋ ቢሄድ እሱ የጻፈውን ሁሉ ያነቡታል፤ ፈቃዱንም መሣሪያውንም ይነጥቁታል። ዝም ቢል ደግሞ የማያውቀው ሰው ዛሬ ወይም ነገ አልጋው ላይ ይሞታል፤ ደሙም በእሱ እጅ ነው። በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ቢያንስ ጀማሪውን አንዴ ላናግረው፣ እምቢ ካለ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ ብሎ ወሰነ።

ቤት ሲደርስ ገና ብርሃን ነበር። አዳነች ሶፋው ላይ ናት። ሰላም አለችው፤ አልመለሰላትም። ካፖርቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ለጀማሪው ለብቻው ጻፈለት።

«ወንድሜ፣ ስሰድብህ ስለከረምኩ ይቅር በለኝ። ልትገድለው ያሰብከውን ሰው አላውቀውም፤ ግን ስለ ጌታ ብለህ ተው። ምን በደለህ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ይመታኛል። ዘጠኝ ዓመት ሆነ።»

ይርጋ ሆዱ ባባ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አቅም የሌለውን የሚመታ ወንድ፣ ወንድ አይባልም። ማነው እሱ? አባትህ ነው? ንገረኝ፤ እኔ ራሴ መጥቼ ልክ አስገባዋለሁ» ብሎ ጻፈ።

«ባሌ ነው። አሁን ጀርባውን ሰጥቶኝ እየጻፈ ነው።»